ባደን-ባደን ወይስ ቪስባደን? የጀርመን ፍል ውሃ ከተማ ማየት ላሰበ

ፍራንክፈርት ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው። አየር መንገዳችንም ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይገባል። እዚያ ደርሶ “ወጣ ብዬ ፍል ውሃ ልግባ” ያለ ሰው ሁለት ስም ይሰማል፤ ቪስባደንና ባደን-ባደን። ሁለቱም ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ሰው ሲታጠብባቸው የኖሩ ናቸው። ጉዞው ግን ለየቅል ነው።

በርቀት ቪስባደን ያሸንፋል። ከፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ በከተማ ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ባደን-ባደን በፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ይወስዳል። ጣቢያውም ከመሀል ከተማ ራቅ ስለሚል ከባቡር ወርዳችሁ አውቶቡስ ትይዛላችሁ። ጀርመን የምትኖሩና “ዶይችላንድቲኬት” የሚባለው የከተማና የክልል ባቡር ወርሃዊ ትኬት ያላችሁ ደግሞ ይህን አስቡ፤ ቪስባደን ድረስ በዚያው ትሄዳላችሁ፣ ፈጣኑ ባቡር ግን ለብቻው ይከፈልበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ልብስ! ብዙዎቻችን በር ላይ ደርሰን የምንደነግጠው እዚህ ነው። በጀርመን ሳውና የዋና ልብስ አይለበስም። ወንድና ሴትም አብረው ሊገቡ ይችላሉ። ማንም ማንም ላይ አያፈጥም፤ ቢሆንም የማይዋጥለት ሰው አለ፣ መብቱም ነው። ስለዚህ የምትመርጡት ከተማውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ነው።

ባደን-ባደን ውስጥ ፍሪድሪሽስባድ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1877 የተከፈተ መታጠቢያ ቤተ መንግሥት ነው የሚመስለው። ልብስ አይፈቀድም፤ ከ14 ዓመት በታችም አይገባም። በተራ የሚታለፉ 17 የመታጠቢያ ደረጃዎች አሉት። በገላ መታጠብ ትጀምራላችሁ። ከዚያ 54 ዲግሪ የሞቀ ደረቅ ክፍል፣ ቀጥሎ 68 ዲግሪ። ሰውነታችሁ ሲላላ፣ ከፈለጋችሁ፣ በሳሙናና በብሩሽ ትታሻላችሁ፤ ለብ ባለና በሞቀ ውሃ እያለፋችሁ ከትልቁ ጉልላት ሥር ወዳለው ክብ ገንዳ ትደርሳላችሁ። ወደ ማብቂያው 18 ዲግሪ ቀዝቃዛ ውሃ አለ፤ መጨረሻ ላይ በሞቀ ጨርቅ ተጠቅልላችሁ ትተኛላችሁ። እኔ ለዚህ ብቻ ብዬ ያን ሁሉ መንገድ ብሄድ አይቆጨኝም።

ልብስ ማውለቅ የማይሆንላችሁ ደግሞ ጎኑ ያለው ካራካላ ቴርሜ አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 የተከፈተ ነው። ገንዳዎቹ ውስጥ የዋና ልብስ ይለበሳል፤ የማይለበሰው ፎቅ ላይ ባለው ሳውና ነው። በጀርመን የበረዶ ወራት ውጭ ባለው ገንዳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሆኖ ብርዱን ፊት ላይ መቀበል ደስ ይላል።

ቪስባደንም ሁለቱ ዓይነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1913 የተከፈተው ካይዘር ፍሪድሪሽ ቴርሜ ያለ ልብስ ነው፤ አዳራሹ ያምራል፣ ከፍሪድሪሽስባድ ግን አይደርስም። አውካምታል የሚባለው መዋኛ በዋና ልብስ ይገባበታል፤ ሥነ ሕንፃ ፈላጊን ግን አያረካም። የትኛውንም ብትመርጡ መክፈቻ ሰዓቱንና ለሴቶች ብቻ የተመደበ ቀን መኖሩን ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ።

ከመታጠቢያው ውጭ ስናይ ሚዛኑ ይለወጣል። ቪስባደን የሄሰን ግዛት ዋና ከተማ ነው፤ ሱቅ፣ ገበያ፣ ሕይወት አለው። መሀል ከተማው ላይ ኮኽብሩነን የሚባለው ምንጭ 66 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይወጣል። ድንጋዩን ማዕድኑ ቀይ ቡናማ ልባስ አልብሶታል፤ ውሃው ጨው ጨው ይላል። ነጻ ነው፣ ቅመሱት፣ ግን መጀመሪያ አቀዝቅዙት። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ በውሃ ክብደት በሚሠራው የተራራ ባቡር ኔሮበርግ የሚባለው ኮረብታ ላይ ውጡ። ላይ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ጉልላቶቹ ወርቅ የተለበጡ። የናሳው መስፍን አዶልፍ በወሊድ ለሞተችበት ወጣት ሩሲያዊት ሚስቱ ያሠራው ነው፤ መቃብሯም ውስጥ ነው። ለእኛ ሰው ይህ ብቻውን ያስኬዳል። ልጆች ካሏችሁም ቪስባደን ይሻላል።

ባደን-ባደን ትንሽና ጸጥ ያለ ነው፤ ዙሪያውን “ጥቁሩ ጫካ” የሚባለው ደን ከቦታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከሌሎች አሥር የአውሮፓ የፍል ውሃ ከተሞች ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ቪስባደን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። በወንዙ ዳር በሊሽተንታለር አሌ ዛፎች ሥር መራመድ ምንም አያስከፍልም፣ ሆቴሉ ግን ኪስ ይነካል።

ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ቪስባደን ሂዱ፣ ሌላ አታስቡ። ሁለት ሌሊት ካላችሁና ጥንዶች ከሆናችሁ ባደን-ባደን። ሆቴሉን በሳምንቱ መካከል ያዙ፤ ቅዳሜና እሑድ መታጠቢያዎቹም ይጨናነቃሉ።