«ወረቀት አለው» የተባለው ድሮን

ጅማ ላይ ያገለገለ ድሮን ልትገዙ የተነሳችሁ፣ ሻጩ «ወረቀት አለው» ሲላችሁ ኪሳችሁን ጨብጡ። ወረቀቱስ ይኖራል። የየትኛው ዕቃ ወረቀት እንደሆነ ግን ብሩ ከሄደ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ሻጩን ስሙን ባልጠራውም ታውቁታላችሁ። ፊት ለፊት ስልክ፣ ከኋላ ካሜራና ሌንስ፣ ከመስታወቱ ሥር ደግሞ «ማታ ሰው ሊወስደው ነው» የሚባል አንድ ድሮን። ዋጋውን በአፉ አይናገርም፤ ካልኩሌተር ላይ መትቶ ያዞርልሃል። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይላል። ትንሽ ስታመነታ «ወላሂ ንጹህ ዕቃ ነው፣ ሁለት ሠርግ ብቻ ነው የሠራው» ይመጣል። ሁለት ሠርግ ብቻ ሠርቶ የተሸጠ ድሮን እዚህ ከተማ ውስጥ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ሁሉም ግን ሁለት ሠርግ ነው የሠሩት።

እኔ የገዛሁት ዕቃ የዲጄአይ ኩባንያ ድሮን፣ ኤር ቱ ኤስ የሚባለው ነው። ሦስት ባትሪ፣ ሪሞት፣ ቦርሳ፣ 160 ሺህ ብር። ድሮኑ ወደ አገር እንዲገባ የተፈቀደበት የኢንሳ ደብዳቤ «አዲስ አበባ ወንድሜ ጋ ነው፣ ነገ በአውቶቡስ ይደርሳል» ተባለ። ብሩ ዛሬ፣ ወረቀቱ ነገ። ጅልነቱ ይህችው ናት፤ ሌላ ምንም ሰበብ የላትም።

በማግስቱ ደብዳቤው መጣ። አራት ቦታ ታጥፎ ፌስታል ውስጥ ነበር። ሱቁ ውስጥ የሚሸጠው ልጅ መስታወቱ ላይ ዘረጋውና ማኅተሙን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ «ይኸው፣ ማኅተም» አለ። ማኅተም የሚያጣራው ማንም አይደለም፤ የሚጣራው ሴሪያል ቁጥሩ ነው። ባትሪውን ሲያወጡት ከባትሪው ቤት ውስጥ ተለጣፊ አለ፤ ደብዳቤው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ፊደል በፊደል ገጠመ። ልጁ ፈገግ አለ። ከዚያ ድሮኑ በራ፣ ስልኩ ላይ አፑ ተከፈተ፣ በሦስቱ ነጥቦች ተገብቶ ስለ መሣሪያው የሚናገረው ገጽ ተከፈተ። ድሮኑ ውስጡ የያዘው ሴሪያል እዚያ ይታያል። አጀማመሩ ያው ነው፤ የአንድ ሞዴል ዕቃዎች አጀማመራቸው ይመሳሰላል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን አንዱም አይገጥምም።

ተለጣፊው ከደብዳቤው ጋር ይገጥማል፣ ሆዱ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። ወረቀት ያለው የአንድ የሞተ ድሮን ቆዳ፣ ውስጡ ግን የሌላ፣ በየት በኩል እንደገባ የማይታወቅ ድሮን ቦርድ ሳይሆን አይቀርም። ደብዳቤው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ነው የሌለው።

ስልኩን ሳዞርለት ልጁ «ያ የሶፍትዌር ነገር ነው፣ ሲያዘምን ይስተካከላል» አለ። አይስተካከልም፤ ሶፍትዌር በማዘመን ሴሪያል አይቀየርም። ከኋላ ሻይ ይዞ የተቀመጠው ባለቤት ቀና እንኳ ሳይል «ሰማይ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አለ እንዴ?» አለ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከብሩ ይልቅ ያንገበገበኝ ያ ሳቅ ነው።

ሰማይ ላይ ትራፊክ የለም። መሬት ላይ ግን አለ፣ ድሮን ደግሞ ሁሌም መሬት ነው የሚያርፈው። ወደ ኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ማለትም ኢንሳ ፈቃድ ይጠየቃል። ያለዚያ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይቀራል፤ ይህን ስንቱ ሰው በራሱ ቦርሳ እንደተማረው ታውቃላችሁ። ዕቃው አንዴ ከገባ በኋላ የሚያበር ሰው ደግሞ ሌላ ፈቃድ አለበት፤ የማስገቢያ ወረቀት የማብረሪያ ወረቀት አይደለም። የአየር ክልሉ የሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን ጉዳይ ነው። በጅማ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ብትነሱ፣ ሊቲየም ባትሪ ከእጅ ቦርሳ ጋር ስለሚሄድ ፍተሻው ላይ ይወጣል፤ ወረቀቱንና ዕቃውን የሚያመሳክር ሰው ፊት የምትቆሙት ያኔ ነው። ሻጩ የሳቀው እዚያ የሚቆመው እሱ ስላልሆነ ነው።

ከሳቁ በኋላ ደግሞ ሌላ «መፍትሄ» መጣ። «እንግዲያው ትንሹን ድሮን፣ ሚኒውን ውሰድ፣ ጨምርና። ከ250 ግራም በታች ስለሆነ ወረቀት አይጠየቅም።» ይቺን ውሸት ሁሉም ሱቅ ነው የሚዘምራት። 250 ግራም የሚባለው የውጭ አገር ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ነፃ የሚያደርገው ለመዝናኛ የሚያበረውን ብቻ ነው፤ በድሮን ሥራ የሚሠራ ሰው ሚዛኑ ምንም ይሁን ምን ያስመዘግባል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ካሜራ ያለውና አሻንጉሊት ያልሆነ ከሆነ ከ250 ግራም በታችም ቢሆን ድሮኑን የሚያሠራው ሰው ይመዘገባል። ሠርግ ቀርጾ ብር የሚቀበል ሰው የሰው አገር የመዝናኛ ሕግ ጅማ ላይ ምን ያደርግለታል?

ወደ ባትሪዎቹ ልግባ፤ ወረቀቱ ዕቃውን ያስወርሳል፣ ባትሪው ግን ሰው ላይ ይጥለዋል።

የኤር ቱ ኤስ ኦሪጂናል ባትሪ ሦስት ሴል ነው፤ 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ 11.55 ቮልት፣ 40.42 ዋት ሰዓት፣ ክብደቱ 198 ግራም ያህል። እያንዳንዱ ሴል እስከ 4.4 ቮልት ይሞላል። አፑ ውስጥ የባትሪ መረጃ ሲከፈት ሦስቱም «4 ጊዜ፣ 6 ጊዜ፣ 5 ጊዜ የተሞላ» ይላሉ። የሁለቱ ሽፋን መገጣጠሚያ ላይ ግን በቢላ የተፈለቀቀ ምልክት አለ። በኩሽና ዲጂታል ሚዛን ሲመዘኑ አንዱ 181 ግራም፣ አንዱ 184። ተከፍተው ሴላቸው ተቀይሯል፣ የመሙያ ቆጣሪውም ከቺፑ ላይ ተደምስሷል ማለት ነው።

ጉዳቱ እንዲህ ይመጣል። የተተካው ሴል ብዙ ጊዜ ተራው፣ 4.2 ቮልት ላይ የሚቆመው ዓይነት ነው። ቺፑ ግን አሮጌው ነው፤ እስከ 4.4 ይሞላዋል። ሴሉ ከአቅሙ በላይ ሲሞላ ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል፣ ያብጣል። ያበጠ ባትሪ ቤቱ ውስጥ እስከ መጨረሻ አይገባም፣ ሁለቱ ጆሮዎች «ቀጭ» አይሉም፤ አየር ላይ ኃይል ሊቋረጥ የሚችለው እንዲህ ነው። ካልነደደ ነው እንግዲህ።

ሌላው ችግር ፐርሰንቱ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ፐርሰንት የቺፑ ግምት እንጂ የሴሉ እውነት አይደለም። ድሮኑ በአንዱ ባትሪ ከሣር በላይ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ቆሞ እንዲቆይ ሲደረግ፣ ስክሪኑ 62 ፐርሰንት እያለ ሦስቱ ሴሎች 3.78፣ 3.77 እና 3.52 ቮልት አሳዩ። ሦስተኛው ሴል ሞቷል፤ ሁለቱ ጤነኞች ናቸው የሚሸፍኑለት። በድንገት ወደ ላይ ሲፈተለክ ያ ሴል መጀመሪያ ይወድቅና ድሮኑ «40 ፐርሰንት አለኝ» እያለ በግድ ማረፍ ይጀምራል፤ ከሥሩ ጣሪያ ይኑር፣ አስፋልት ይኑር፣ ሙሽራ ትኑር አይመርጥም። ጤነኛ ባትሪ ሲሠራ በሴሎቹ መሃል ያለው ልዩነት ከ0.05 ቮልት ብዙም አያልፍም። 0.1 ካለፈ ዋጋ አትከራከሩ፣ ተነሱና ውጡ።

ኤር ቱ ኤስ 595 ግራም ነው። ከ30 ሜትር ላይ ኃይል የተቋረጠበት ድሮን፣ የአየሩ መጋተር ባይታሰብ፣ መሬት ሲደርስ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ክንፍ የለውም፣ አይንሳፈፍም። «ሁለት ሠርግ ብቻ» ያለው ሰውዬ ሦስተኛው ሠርግ ላይ ይህን ሊያወርድ ነበር።

የሻጩ «30 ደቂቃ ይቆማል» ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያለ ወሬ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ ነፋስ በሌለበት፣ በአዲስ ባትሪ ነው 30 ደቂቃ ባለበት የሚቆመው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በ15 ፐርሰንት ያህል ይሳሳል፣ ፕሮፔለሩ ባለበት ለመቆም ብቻ 9 ፐርሰንት ገደማ ተጨማሪ ኃይል ይበላል። ስለዚህ አዲሱም ቢሆን 27 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ 25 ፐርሰንት ሲቀር የሚያወርድ ሠራተኛ ደግሞ 20 ደቂቃ ሥራ አለኝ ብሎ ያስብ። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ 9 ደቂቃ ነው የቆመው።

ሻጮቹ የማይነግሯችሁ፣ ምናልባትም የማያውቁት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ልጆች ሲሳሳቱበት ስለማይ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ከፍታ ከተነሳችሁበት ቦታ ነው የሚለካው፣ ከሥራችሁ ካለው መሬት አይደለም። ጅሬን ላይ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ተነስታችሁ ወደ ከተማው ብታበሩ፣ ስክሪኑ 120 ሜትር ሲል ከከተማው ጣሪያ በላይ ያላችሁት ከፍታ ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው። ከታች ከአዌቱ ወንዝ ዳር ተነስታችሁ ወደ ዳገቱ ስትሄዱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የሪተርን ቱ ሆም ከፍታውን፣ ማለትም በራሱ ሲመለስ የሚበርበትን፣ 40 ሜትር ብላችሁ ከተዋችሁት ሲመለስ ባሕር ዛፉ መሃል ሊገባ ይችላል። ኮምፓሱን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወይም ፌሮ ያለበት ሰገነት ላይ ካሊብሬት የሚያደርጉም አሉ። ብረቱ ያሳስተዋል፣ ከተነሳ በኋላ ክብ እየሠራ ይሸሻል፤ ከዚያ «ድሮኑ አበደ» ይባላል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያንን አይሽረውም። ግን የተሰጠኝ ደረሰኝ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው፤ «የቪዲዮ ዕቃ — 1» ይላል። ሞዴል የለም፣ ሴሪያል የለም፣ ድሮን የሚል ቃል እንኳ የለም። ሲጽፍ እያየሁት ነበር።

እና ባጭሩ፦ ብር ከመላካችሁ በፊት ካርቶኑን፣ የባትሪ ቤቱን ተለጣፊ፣ አፑንና ደብዳቤውን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ አመሳክሩ። የቀድሞው ባለቤት ዕቃውን ከአካውንቱ ፊታችሁ ያውጣ። ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲስቁባችሁ ይሳቁ። ደረሰኙ ላይ ሴሪያሉ ይጻፍ።

ከተፈለቀቁት ባትሪዎች አንዱን ተቀበሉኝ ስላቸው «አብጧል፣ አንቀበልም» አሉኝ፤ ትናንት የሸጡልኝን ነው። አሸዋ የሞላ ጣሳ ውስጥ ከቤት ውጭ አስቀምጬዋለሁ። እንዲህ ያለ ባትሪ እጃችሁ ላይ ካለ አትውጉት፣ አትሙሉት፣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥም አትጣሉት።