ለጌም ማስፋፊያ ይሻላል ወይስ ራሱን የቻለ ክፍል ሁለት?

የአውስትራሊያው የጌም ሠሪ ቡድን ቲም ቼሪ «ሆሎው ናይት» ለተባለው ጌሙ ሆርኔት በምትባል ገጸ ባሕርይ የሚያጫውት ማስፋፊያ (በዋናው ጌም ላይ የሚጨመር ክፍል) ቃል ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ማስፋፊያው ቀርቶ «ሲልክሶንግ» የተባለ ሙሉ ጌም እንደሚሆን አስታወቀ። የቱ ያዋጣል?

ወጪ፦ ማስፋፊያ ያለውን ዓለምና ጠላት ስለሚጠቀም ይረክሳል፤ ቡድኑ ሌሎቹን ማስፋፊያዎች በነፃ ነው የሰጠው። ሲልክሶንግ 20 ዶላር ነው (ለዚያ ሁሉ ሥራ እኔን ርካሽ ይመስለኛል)።

ስጋት፦ ማስፋፊያ ባይሳካ ዋናው ጌም አለ። ክፍል ሁለት ግን ያስጠብቃል፤ ሲልክሶንግ የወጣው ከ6 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2025 ነው። ተጫዋቹ ተስፋ ቆርጦ መቀለጃ አድርጎት ነበር።

ለገጸ ባሕርይዋ ልክ መሆን፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ሆርኔት ፈጣን ናት፣ የገደል ጫፍ ይዛ ትወጣለች፣ ከአየር ላይ ወደ ታች ስትመታም በሰያፍ ነው። የመጀመሪያው ጌም ዋና ገጸ ባሕርይ ናይት በአንድ ፈውስ አንድ ጭንብል (የሕይወት መለኪያ) ሲመልስ እሷ ሦስት ትመልሳለች። ለእሱ ቁመትና ዝላይ የተለካ ዋሻ ለእሷ ይጠብባታል፤ ጠላቶቹም አይመጥኗትም።

ስለዚህ አዲሱ ገጸ ባሕርይ በድሮው ካርታ እንደልቡ ከተንቀሳቀሰ ማስፋፊያ ይበቃል። ካርታውን እንደ አዲስ የሚያሠራ ከሆነና ቡድኑ ከቀድሞው ሽያጭ የሚኖርበት ገንዘብ ካለው፣ ክፍል ሁለት ይሥራ።