ኪካድ ከስምንት ወር በኋላ፦ ሁለት ማታ የፈጀብኝ ትራንዚስተር

ኪካድ በሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት መሣል ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። እስከ ባለፈው ሳምንት ስለሱ የምለው ብዙም አልነበረኝም። ይሠራል፤ በቃ።

ማራኪ ሰፈር ያለችው እህቴ ቤት ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ነገር ልሥራልሽ ብዬ አፌን ከፈትኩ። አንድ ባለ 5 ቮልት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ሪሌዩን የሚያዝ ባለ ሦስት እግር ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተር። "ኤ"ን ተጫንኩ፤ የሲምቦሎቹ፣ ማለትም የዕቃዎቹ ምልክቶች፣ ዝርዝር መጣ። "ኤንፒኤን" ብዬ የትራንዚስተሩን ዓይነት ጻፍኩና መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባውን አስቀመጥኩ። በ"አር" አዞርኩት፣ በ"ደብሊው" ሽቦ ሳብኩ። ስህተት መፈለጊያውን ባስነሳው ዜሮ! ቦርዱን ሠርቼ፣ በይጄ፣ ኃይል ሰጠሁት።

ሪሌዩ ዝም።

ብየዳውን ደገምኩ። ሪሌይ ቀየርኩ። ፒያሳ ወርጄ ሌላ ትራንዚስተር ገዛሁ። ያው ነው። በሁለተኛው ማታ የሲምቦሉን ስም አስተውዬ ሳነብ መልሱ እዚያው ተጽፏል፦ መጨረሻው "ኢቢሲ" ይላል። ቴሌቪዥኑ አይደለም። የሦስቱ እግሮች (ፒኖች) ስም በተራ ነው፦ ፒን 1 ኢሚተር፣ 2 ቤዝ፣ 3 ኮሌክተር ማለት ነው። የገዛሁት ቢሲ 547 የሚባለው ትራንዚስተር ግን ጠፍጣፋ ፊቱን ከፊት፣ እግሩን ወደ ታች አድርገው ሲያዩት ከግራ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኢሚተር ነው። ገልብጬ ነው የበየድኩት! የተገለበጠ ትራንዚስተር ጨርሶ አይሞትም፤ የማጉላት አቅሙ ግን ይወድቃል። ሪሌዩን የሚስብበት ጉልበት ከየት ይምጣ?

ሦስት እግር በስድስት መንገድ ይደረደራል። የኪካድ የሲምቦል ላይብረሪ ስድስቱንም ይዟል፤ ሥዕላቸው ግን ቁርጥ አንድ ነው። የሚለያዩት በስማቸው ጭራና በጥቃቅን የፒን ቁጥር ብቻ። ስህተት መፈለጊያውም የሣልኩትን መስመር እንጂ እጄ ላይ ያለውን ዕቃ አያይ። "ቢሲ 547" ብዬ በስሙ ብፈልገው ኖሮ ቁጥሩ ተስተካክሎ ይጠብቀኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ቢሆንም ተናድጃለሁ።

ያ የተሰረቀ ፕሮግራም በፍላሽ የሚሸጥልኝ ልጅ "አላልኩዎትም ጋሼ? የነፃ ዕቃ እንዲህ ነው" ሲለኝ ከአሁኑ ይሰማኛል። ቆይ አንተ ልጅ! ያንተኛውስ ኪሴ ገብቶ ትራንዚስተሬን ያይልኝ ነበር? ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር "ፈቃድ አምጣ" እያለ የሚያፋጥጠኝ ያንተው አይደል? ይሄኛውን አንድ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1992 ጀመረው፤ ዛሬ ብዙ ሰው ተረባርቦ ያሳድገዋል። ሰባራ ሳንቲም አልከፈልኩበትም።

ደግሞ ማስተካከሉ ቀላል ነበር። ሲምቦሉን በቢሲ 547 ስተካው አንድ ሽቦ እንኳ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከቦርዱም ትራንዚስተሩን ነቅዬ፣ ፊቱን አዙሬ በየድኩት። ቀጭ! አለ ሪሌዩ።

አሁን እህቴ ቤት ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ በራሱ ይጠፋል። ውሃ የመጣ ቀን ማለቴ ነው።