ኤሲ1200 ራውተር፦ ከክረምት መግቢያ ጀምሮ በቤታችን

ከክረምት መግቢያ ጀምሮ የምንጠቀምበት ራውተር በካርቶኑ ላይ «ኤሲ1200» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት፣ አራት አንቴና ያለውና በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ረክቼበታለሁ፤ ይሁን እንጂ የረካሁት በካርቶኑ ቁጥር አይደለም።

1200 ራውተሩ ዋይፋይ የሚያሠራጭባቸው የሁለት የሬዲዮ ሞገዶች ፍጥነት ድምር ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ 867 ሜጋቢት በሰከንድ ተደምሮ ወደ ላይ ተጠጋግቷል። የቤታችን ስልኮች በአንድ ጊዜ የሚይዙት አንዱን ሞገድ ብቻ ስለሆነ ድምሩን የሚያገኝ የለም። ቁጥሩም በራውተሩና በስልኩ መካከል ያለውን ፍጥነት እንጂ ከውጭ የሚገባውን ኢንተርኔት አያመለክትም። የፋይበር ውላችን 10 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት በመሆኑ ፋይል ስናወርድ የምናየው ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። ይህን ሳያገናዝቡ ራውተሩን ቀርፋፋ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ልዩነቱ በግልጽ የታየው በግድግዳ ላይ ነው። ሳሎን ውስጥ 5 ጊጋኸርዝ እንከን የለውም፤ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አልፎ ሰርቪስ ቤት ሲደርስ ግን ይዝላል፣ 2.4 ግን ይደርሳል። ራውተሩ ሁለቱን በአንድ የዋይፋይ ስም ስለሚያሠራጭ ስልኮቹ የደከመውን ሞገድ ይዘው ይቀሩ ነበርና ለየብቻ ስም ሰጠኋቸው። የ2.4ን ቻናልም (ሞገዱ ከተከፋፈለባቸው መስመሮች ራውተሩ የሚጠቀምበትን) ከአውቶማቲክ አውጥቼ፣ እርስ በርስ ከማይደራረቡት ከ1፣ ከ6 እና ከ11 መካከል ጎረቤቶች ያልተጨናነቁበትን 11ን መረጥሁ።

ቅሬታዬ የልጆችን የኢንተርኔት አጠቃቀም ለመገደብ በተሠራው የራውተሩ ቁጥጥር ላይ ነው። ራውተሩ መሣሪያን የሚለየው በማክ አድራሻ፣ ማለትም መሣሪያው በመረቡ ላይ በሚታወቅበት የቁጥርና የፊደል መለያ ነው፤ የዛሬ ስልኮች ግን ለእያንዳንዱ የዋይፋይ ስም የተለየ አድራሻ ይፈጥራሉ። ስሞቹን ከለየሁ በኋላ የልጄ ስልክ በዝርዝሩ ላይ እንደ ሁለት መሣሪያ ተመዘገበ፤ በአንዱ ሲታገድ በሌላው ይገባል። ከ12ቱ የአድራሻ አሃዞች ሁለተኛው 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አድራሻው የፋብሪካው ሳይሆን ስልኩ የፈጠረው ነው። መፍትሔው በስልኩ የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ በቤታችን የዋይፋይ ስሞች ላይ ይህን አድራሻ የመፍጠር ምርጫ ማጥፋት ሲሆን፣ መመሪያው ግን ስለዚህ አንድም ቃል አይልም።

በተረፈ የውስጥና የውጭ መረብን መለየት ብዙ ጭቅጭቅ አስቀርቶልናል። በስልኩ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ምንም ገጽ የማይከፈት ከሆነ፣ ስልኩ ከራውተሩ በ192.168 የሚጀምር የውስጥ አይፒ አድራሻውን (በቤቱ መረብ ውስጥ የሚታወቅበትን ቁጥር) በአግባቡ ተቀብሎ ሳለ የፋይበሩን መስመር ከራውተሩ ጋር ከሚያገናኘው ሞደም ወደ ውጭ የሚወስደው መስመር ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። በራውተራችን ፊት ያለው የኢንተርኔት መብራት ያን ጊዜ ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል፤ እንዲህ ሲሆን ራውተሩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ትርፉ ድካም ነው።

መብራት ሲሄድም ያው ነው፤ ራውተሩን ብቻ በባትሪ ማቆየት ዋይፋይ እንጂ ኢንተርኔት አይሰጥም። የእኛ ሞደምና ራውተር ሁለቱም በ12 ቮልት የሚሠሩ ስለሆነ፣ ባለሁለት መውጫ ትንሽ የዲሲ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ገዝቼ ሁለቱንም አንድ ላይ ሰክቻቸዋለሁ።