ግራቪሊያውን አናቱን ማስቆረጥ ወይስ ማስመልመል?

ለገጣፎ ያለው ግቢያችን ውስጥ አንድ የግራቪሊያ ዛፍ ወደ ጣሪያው አዘንብሏል፤ ክረምት ሳይገባ መላ ይፈልጋል።

መጥረቢያ የያዘ የቀን ሠራተኛ ጠርቶ አናቱን ማስቆረጥ ርካሽ ነው፤ በግማሽ ቀን ያልቃል። ግን ከጉቶው ዙሪያ የሚፈላው ቀንበጥ ከላይ ከላዩ ስለሚበቅል አጥብቆ አይይዝም፤ ሲረዝም ነፋስ ይገነጥለዋል። ቁስሉም ይበሰብሳል።

የሚመለምል ባለሙያ ግን መጋዙን መጀመሪያ ከቅርንጫፉ በታች በኩል፣ ከግንዱ ራቅ አድርጎ ያስገባል፤ ቀጥሎ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆርጣል። እንዲህ ሲሆን ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ አይሄድም። የቀረችውን ጉማጅ በመጨረሻ የሚያነሳት ከግንዱ ጋር የምትገናኝበትን እብጠት ሳይነካ ነው፤ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው ከዚያ ተነስቶ ነውና።

ማስመልመሉ ዋጋው ይወደዳል፤ እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ። የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ካለ ሁለቱም አይንኩት፤ መብራት ኃይል ይጠራ።