ለሜክሲኮ የጡረታ ቤት የትኛው ቦይለር? በርሜሉ፣ ዴ ፓሶው፣ ኢንስታንታኔዮው ወይስ ሶላሩ

በቻፓላ ሐይቅ ዳር አሂሂክ ወይም ቻፓላ ከተማ፣ አለዚያም ሳን ሚጌል ዴ አዬንዴ ቤት የያዘ ጡረተኛ ይዋል ይደር እንጂ የውሃ ማሞቂያ መቀየሩ አይቀርም። ሜክሲኮዎችም እንደ እኛው «ቦይለር» ይሉታል፤ ሱቅ ገብቶ መጠየቁ አይከብድም። የሚከብደው መምረጡ ነው። ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሻወር አለ?» ብሎ ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፦ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ከሻወሩ ራስ ምን ያህል ከፍ ይላል? ውድ ማሞቂያ ተገዝቶ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወርድባቸው ቤቶች ጣጣቸው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይጀምራል።

በብዙ የሜክሲኮ ቤት ውሃ እንደ አሜሪካው ከመንገድ ቧንቧ በቀጥታ እየተገፋ ሻወር ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ መሬት ውስጥ ወዳለ ማጠራቀሚያ፣ ወደ አልሂቤ፣ ይገባል። ከዚያ ፓምፕ ወደ ጣሪያው ሮቶ ያወጣዋል፤ እነሱ ቲናኮ ይሉታል። ቀሪውን መንገድ በራሱ ክብደት ይወርዳል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ነገሩን ሳይነገረው ያውቀዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 10 ሜትር ከፍታ በስኩዌር ሴንቲሜትር 1 ኪሎ ግፊት ይሰጣል፤ 1 ሜትር ደግሞ የዚያን አንድ አሥረኛ። ፎቅ በሌለው ቤት የሮቶው ሥር ከሻወሩ ራስ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ቢል ያለው ግፊት 0.2 ኪሎ ነው። ማሞቂያው ካርቶን ላይ «ፕሬሲዮን ሚኒማ» የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ዝቅተኛው ግፊት ማለት ነው። የእርስዎ ቤት ከዚያ ቁጥር በታች ከሆነ ዋጋውም ዋስትናውም አይጠቅምዎትም።

ለመለካት አንድ ባልዲ ይበቃል። ሮቶው ግማሽ እስኪደርስ ይጠብቁ። 1,100 ሊትር የሚይዘው የተለመደው ሮቶ ራሱ ከአንድ ሜትር በላይ ቁመት ስላለው፣ ሙሉ ሆኖ ሲለካ ውጤቱ ያታልላል። የሻወሩን የሙቅ ውሃ መክፈቻ ብቻ እስከ መጨረሻው ይክፈቱና 10 ሊትር ባልዲ ለመሙላት የሚፈጀውን ጊዜ ይያዙ። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 5 ሊትር ነው። ሦስት ደቂቃ ተኩል ከፈጀ ከ3 ሊትር በታች ወርዷል። ፍሰቱ ደካማ ሆኖ ካገኙት፣ በሮቶው ከመፍረድዎ በፊት የሻወሩን ራስ ይፍቱትና አቼቶ ውስጥ ያሳድሩት። የአካባቢው ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት ሳሮ የሚሉት ነጭ ቅርፊት ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ከዚያ እንደገና ይለኩ።

በርሜሉ፦ ካለንታዶር ዴ ዴፖሲቶ

ውሃ ይዞ የሚያሞቀው ነባሩ ዓይነት ነው። 38 ሊትሩ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ለባልና ሚስት 57 ወይም 76 ሊትር ይሻላል። ትልቁ ጥቅሙ ለግፊት ግድ የሌለው መሆኑ ነው፤ ውሃው እየቀጠነም ቢወርድ ሙቅ ሆኖ ይወርዳል። ጉድለቱ ቀንና ሌሊት የምትነድ ትንሽ እሳት፣ ፒሎቶ፣ ያለችው መሆኑ ነው።

የዚህችን እሳት ወጪ ሰዎች ወይ ያጋንኑታል ወይ ይረሱታል። ሁለት ሰዎች በቀን 100 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ቢያሞቁ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ሊትር የቤት ጋዝ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ በማሞቂያው የሚባክነውን ቀንሰን በወር 20 ሊትር እንበል። 150 ዋት የምታህል ፒሎቶ ደግሞ ብቻዋን በወር 15 ሊትር ትበላለች። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ሙቀት በርሜሉ ውስጥ ስለሚቀር ሁሉም ኪሳራ አይደለም። ጋዙ በሊትር 10 ፔሶ አካባቢ ቢሆን፣ ፒሎቶን በማጥፋት የሚተርፈው በወር ከ150 ፔሶ አይበልጥም። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ ከታች ያስፈልጋል።

በርሜል የሚገድለው ሳሮ ነው። ውሃው ሲሞቅ ማዕድኑ ከሥር ይረጋል፣ እሳቱ በዚያ ንብርብር በኩል ለማሞቅ ይታገላል፣ ቦይለሩም እንደ ፈንዲሻ መንጣጣት ይጀምራል። ያንን ድምፅ ከሰሙ ቆይቷል ማለት ነው። በየስድስት ወሩ ጋዙን ወደ ፒሎቶ ያዙሩት፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚገባበትን ቁልፍ ይዝጉ፣ የቤቱን አንድ የሙቅ ውሃ መክፈቻ ይክፈቱ፣ ከዚያ ከሥር ባለው ማፍሰሻ ጎማ አስገብተው ያፍስሱት። መጀመሪያ የሚወጣው የእንቁላል ቅርፊት ስብርባሪ የመሰለ ነጭ ኮረት ነው። ማፍሰሻው ከታነቀ የቀዝቃዛውን ቁልፍ ከፈት ዘጋ እያደረጉ ይግፉት፤ ጠርቶ እስኪወርድ አይተዉት። ውስጥ ያለችው የማግኒዥየም ዘንግ፣ አኖዶ የሚሏት፣ ዝገቱን በርሜሉን ትቶ እሷን እንዲበላ የተቀመጠች ናት። በዓመት አንዴ ትታይ፤ ሽቦዋ ብቻ ከቀረ ትቀየር። ይህን የሚያደርግ ሰው በሌለበት ቤት በርሜል ከጊዜው በፊት ያፈሳል።

ሁለቱ «ዴ ፓሶ»ዎች

የሚበዛው የግዢ ስሕተት እዚህ ነው። «ዴ ፓሶ» ማለት ውሃው እያለፈ የሚሞቅበት ማለት ሲሆን፣ ሱቆች ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን በዚሁ ስም ይጠራሉ። አንደኛው «ራፒዳ ሬኩፔራሲዮን»፣ ቶሎ የሚያገግመው ነው። ውስጡ ጥቂት ሊትር ይይዛል፣ ፒሎቶ አለው፣ ከጣሪያ ሮቶ በሚመጣ ደካማ ግፊትም ይሠራል። ሁለተኛው «ኢንስታንታኔዮ» ነው፤ ምንም ውሃ አያጠራቅም፣ ፒሎቶ የለውም፣ ውሃ ሲያልፍበት በባትሪ ብልጭታ ይለኮሳል። ብዙዎቹ ለመለኮስ በደቂቃ 3 ሊትር ገደማ ፍሰት ይፈልጋሉ። ስለዚህ «ዴ ፓሶ ስጡኝ» ብለው አይግዙ፤ ሙሉ ስሙን ካርቶኑ ላይ ያንብቡ።

ልኩ በ«ሰርቪሲዮ» ይነገራል። አንድ ሰርቪሲዮ ማለት በአንድ ጊዜ አንድ ሻወር ወይም አንድ የዕቃ ማጠቢያ ማለት ነው። ባልየው ሲታጠብ ሚስቲቱ ዕቃ የምታጥብ ከሆነ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሰርቪሲዮ ይግዙ። ሳን ሚጌል 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፣ የማንኛውም የጋዝ እሳት ጉልበት ይቀንሳል፣ የታኅሣሥና የጥርም ሌሊት ይበርዳል። እዚያ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ መግዛት ብክነት አይደለም።

ኢንስታንታኔዮ ግፊት ባለው ቤት ድንቅ ዕቃ ነው። ግፊት በሌለበት ግን እንዲህ ያደርጋል፦ ሻወሩን ይከፍታሉ፣ ይለኮሳል፣ ውሃው ይፈላል፣ ለማብረድ ቀዝቃዛውን ይጨምራሉ፤ ያኔ በሙቁ በኩል የሚያልፈው ፍሰት ስለሚቀንስ እሳቱ ይጠፋና በረዶ ውሃ ይወርድብዎታል። በሰባ ዓመት ዕድሜ በሚያዳልጥ ሰድር ላይ ቆሞ በድንገት መደንገጥ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። መፍትሔው ሙቀቱን ከማሞቂያው ላይ ዝቅ አድርጎ ቀዝቃዛ ሳይቀላቅሉ መታጠብ ነው። ያም ካልሠራ ፕሬሱሪሳዶር የሚባለውን ትንሽ ፓምፕ ሮቶው ሥር ማስገጠም ያስፈልጋል። ፓምፑ ግን በሺዎች የሚቆጠር ፔሶ ያስወጣል፣ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ቀዝቃዛው እንዲወርድ ከጎኑ መተላለፊያ ቧንቧ ከነማገጃ ቫልቩ ይገጠምለት። እንግዲህ ያንን 150 ፔሶ ያስታውሱ፦ ፒሎቶን ለማዳን ብቻ ፓምፕ መግዛት ገንዘቡን ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል። ግፊቱ ቀድሞውኑ ካለ ግን ኢንስታንታኔዮን ያለማመንታት ይውሰዱ፤ ባትሪዎቹን በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀይሩ እንጂ እስኪያልቁ አይጠብቁ።

ሶላሩ

በቻፓላ አካባቢ የዝናቡ ወራት ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ቢሆንም ዝናቡ በአብዛኛው ማታና ሌሊት ስለሚጥል ቀኑ ፀሐይ አያጣም። ስለዚህ ባለ ቫኪዩም ቱቦው፣ አየር የወጣላቸው የመስተዋት ቱቦዎች ያሉት፣ ሶላር እዚህ ያዋጣል። ለአንድ ሰው ከ40 እስከ 50 ሊትር ይያዙ፤ ለሁለት ሰው ባለ 10 ቱቦው ይበቃል፣ እንግዳ ለሚያዘወትር ቤት ባለ 12ቱ ወይም ባለ 15ቱ ይሻላል። ቱቦዎቹ ወደ ደቡብ ይዙሩ፣ ተዳፋታቸውም 20 ዲግሪ ያህል ይሁን።

የሮቶው ሥር ከሶላሩ በርሜል ጫፍ በላይ መሆን አለበት፣ አለዚያ በርሜሉ አይሞላም። በብዙ ጣሪያዎች ይህ ማለት ለሮቶው መሠረት ከፍ አድርጎ መገንባት ነው፤ የሶላሩን ዋጋ ሲሰሙ ይህን ይጨምሩበት። ቤቱ በፓምፕ የሚገፋ ውሃ ካለው ደግሞ ተራው ሶላር የጎማ ማሸጊያው ያመልጣል፤ «አልታ ፕሬሲዮን»፣ ከፍተኛ ግፊት የሚችለው፣ ይፈለግለታል። ባዶውን ቀትር ላይ ውሃ መሙላት ቱቦውን ይሰነጥቃል። በማለዳ ወይም ማታ ይሞላ። የቱቦው ጫፍ እንደ መስተዋት ብር መሰል ሆኖ ካዩት ደህና ነው፤ ነጭ ዱቄት ከመሰለ ቫኪዩሙ አምልጧል፣ ያ ቱቦ ይቀየር። ሁሉንም መቀየር የለብዎትም።

አደጋው የውሃው ግለት ነው። በፀሐያማ ቀን 80 ዲግሪ ያልፋል። 60 ዲግሪ ውሃ እንኳ በአምስት ሰከንድ ቆዳ ያቃጥላል፤ የስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ግለቱን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ከሶላር ጋር ቴርሞስታት ያለው መቀላቀያ ቫልቭ ይገጠም፣ ሻወር ላይ ከ49 ዲግሪ እንዳያልፍ ይደረግ። ለደመናማ ቀን መጠባበቂያ የጋዝ ቦይለር ሲያያዝም ጥንቃቄ ይሻል፤ ሁሉም ኢንስታንታኔዮ የሞቀ ውሃ እንዲገባበት አልተሠራም። ካርቶኑ ካልፈቀደ፣ የሶላሩ ውሃ ቦይለሩን ዘሎ የሚያልፍበት ቁልፍ ያስገጥሙ።

ኤሌክትሪኩ ለምን አይመከርም

የሻወር ራስ ላይ የሚገጠመው ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። ነገር ግን በሐይቁ ዳርና በሳን ሚጌል የሚሠራው የመብራት ታሪፍ «ታሪፋ 1» የሚባለው ነው፤ የ12 ወር አማካይ ፍጆታ በወር ከ250 ኪሎዋት ሰዓት ካለፈ የመብራት ኃይሉ ድርጅት ሴኤፌኤ ቤቱን «ዳክ» ወደሚባለው ያለ ድጎማ ታሪፍ ያሸጋግረዋል። ከላይ የተሰላው የሁለት ሰው ውሃ ብቻውን በወር 105 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና የውሃ ፓምፕ ሲታከሉበት ድጎማውን ለማጣት ብዙ አይቀርም። ልዩነቱ በሻወሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በቤቱ መብራት ሁሉ ላይ ነው የሚቆረጠው።

በሞቃታማዋ የዩካታን ከተማ ሜሪዳ ያለ ሰው ይህን ሁሉ አያስፈልገውም። አብዛኛውን ዓመት ሮቶው ራሱ ውሃውን ለብ አድርጎ ያወርደዋል፤ ትንሹ ራፒዳ ሬኩፔራሲዮን ይበቃል። ባሕሩ ዳር፣ ፕሮግሬሶ አካባቢ፣ ጨዋማው አየር ቆርቆሮ ስለሚበላ ለአካሉ ጥራት ነው ገንዘብ ማውጣት።

ታዲያ የቱ?

ባልዲው በደቂቃ ከ4 ሊትር በታች ካሳየና ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ከሌለ፣ 1½ ሰርቪሲዮ ራፒዳ ሬኩፔራሲዮን ይግዙ። ሐይቁ ዳር ላሉ ፎቅ አልባ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው ምርጫው። ፓምፕ ያለው ወይም ባለ ሁለት ፎቅ ሆኖ ሻወሩ ከታች ለሆነ ቤት ባልዲው ከ5 ሊትር በላይ ካለ ኢንስታንታኔዮ። የራስዎ ቤት ከሆነ፣ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖሩበት ካሰቡና ሮቶው ከፍ ያለ ከሆነ ሶላር ከጋዝ መጠባበቂያ ጋር። ተከራይ ከሆኑ ግን ሶላር የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ ቦይለሩ ሲበላሽ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ፣ በገቡበት ቀንም የጋዝ ታንኩን ጌጅ ፎቶ ያንሱ።

ስለ ጋዙ ሁለት ነገር። ከእ.ኤ.አ. ኦገስት 2021 ጀምሮ መንግሥት ለየአካባቢው በየሳምንቱ ጣሪያ ዋጋ ያወጣል፤ ከዚያ በላይ ሊያስከፍሉዎት አይችሉም። ጌጁ የሚያሳየው በመቶኛ ነው፦ 300 ሊትር ታንክ ከ20 ወደ 80 ከወጣ የገባው 180 ሊትር ነው፤ ደረሰኙ ከዚህ በጣም ከራቀ መኪናው ሳይሄድ ይጠይቁ። ታንኩ ላይ የተሠራበት ዓመት የተቀረጸበት ሳህን አለ፤ 10 ዓመት ካለፈው የብረቱ ውፍረት ይለካ።

የትኛውንም ይግዙ፣ የጋዝ ቦይለር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወይም በተዘጋ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አይገጠምም። ቦታው ነፋስ የሚገባበት ግቢ ነው፣ ከነጭስ ማውጫው። ቧንቧ ሠራተኛው፣ ፕሎሜሮው፣ ሒሳቡን ከመቀበሉ በፊት በጋዙ መጋጠሚያዎች ሁሉ የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ አረፋው ከተነፋ ይፈታና እንደገና ይጠበቅ። ከዚያ ሻወሩና የወጥ ቤቱ ሙቅ ውሃ በአንድ ላይ ተከፍተው አምስት ደቂቃ ይፍሰሱ። ሽፋኑን ከፍተውም እሳቱን ይዩ፤ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ ጥላሸት የሚተው ከሆነ የሚታፈን እሳት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታም የለውም። እስኪስተካከል ድረስ ጋዙን ይዝጉት።