ማርቆስ ላላችሁ፦ ለእናቴ የደረሰላት ኤሌክትሪሺያን

እናቴ ሳንባዋን ታማ በኦክስጅን ማሽን ነው የምትተነፍሰው። ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት፣ ነጎድጓዱ ሲያጓራ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ለመጠባበቂያ ያስቀመጥነው የኦክስጅን ሲሊንደር ግማሽ እንኳ አልነበረውም። በስልክ መብራት የሲሊንደሩን መለኪያ እያየሁ ነጋ። ያን ሌሊት ለማንም አልመኘውም።

በማግስቱ ጄኔሬተር ልገዛ ስነሣ ጎረቤቴ «መጀመሪያ እሱን አማክሪው» ብላ ይህን ልጅ ላከችልኝ። እግዜር ይስጣት።

ልጁ ስለ ዋጋ አላወራም። ማሽኑን አዙሮ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ፤ 350 ዋት ይላል። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ «እማማ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚጠቀሙበት?» አላት። የጄኔሬተሩን ሐሳብ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ጭሱ ውስጥ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ቤት ውስጥም መስኮት ሥርም ማስነሣት ሰው ይገድላል። ደግሞ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናትና አየሩ ስስ ስለሆነ ጄኔሬተር የተጻፈበትን ጉልበት አይሰጥም።

በጄኔሬተሩ ፋንታ ባትሪ ይሻላችኋል ብሎ ወረቀት አውጥቶ አሰላልኝ። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተርም ጥቂት ይበላል። ስለዚህ አንዱ ባትሪ ለእናቴ ማሽን 3 ሰዓት አይሞላም፣ ሁለቱ ወደ 6 ሰዓት ይጠጋሉ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት እንጂ ቀስ በቀስ ለረጅም ሰዓት ኃይል ለመስጠት አልተሠራም ብሎ ርካሹን አስተወኝ። ኢንቨርተሩም ፒዩር ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ መስመሩ መብራት የጠራ ሞገድ የሚሰጥ ካልሆነ የሕክምና መሣሪያ ላይ አላስገባም አለ።

ባትሪዎቹን ነፋስ በሚያገኝ ቦታ አስቀመጠ፤ ሲሞሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣሉና። ፊውዝ አደረገ፤ የእናቴን መኝታ ክፍል መስመር ከሌላው ቤት ለየ። ምጣዱንስ ስለው «ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ የእማማን ትንፋሽ ነው የሚበላው» አለኝ። እሱን ቃል አልረሳውም።

ጨረስኩ ብሎ አልሄደም። ሲሊንደሩን አስሞልታችሁ ጥሩኝ አለ። በተሞላ ማግስት መጥቶ፣ በጠራራ ፀሐይ ቆጣሪውን ዘግቶ፣ ባትሪው ግማሽ እስኪደርስ ድረስ ከእኛ ጋር ቡና እየጠጣ ሰዓት ቆጠረ። 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። «ከዚህ ካለፈ ሲሊንደሩ ነው መድኃኒታችሁ፣ ባዶ እንዳይገኝ» ብሎ አስጠነቀቀን። ከሁለት ሳምንት በኋላም ሳንጠራው መጥቶ የባትሪውን ውኃና የሽቦውን መያዣ አየ። ለዚያኛው አልተከፈለም።

ከዚያ ወዲህ መብራት ሦስት ሌሊት ሄዷል፤ እናቴ አንዱንም አልሰማችም።

ወንድማለም፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያላችሁ፣ ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ፈቅዶልኛል። ስትደውሉለት የማሽናችሁን ዋት አንብባችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።